ጋዝ የት ይገኛል?

ወይንሸት ከአምስተኛ ክፍል ትምህርቷን ብታቆምም ምላሷ ግን አልቆመም። እናቷ ወይዘሮ አባይነሽ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከደጃፋቸው ፓስቲ ጠብሰው ይሸጣሉ። ሊጥ የሚያቦካ፣ ፕሪሙስ የሚያቀጣጥል ሰው ሲጠፋ ደብተሯ ተዘጋና እሷ ዘይት ፊት ቆመች። የሳይንስ መጽሐፏን ግን ለማንም አልሰጠችም። ዱቄት ነክቶት፣ ዘይት ጠግቦ፣ አሁን ታናሽ ወንድሟን ዕዝራን ታስተምርበታለች።

ዕዝራ ሦስተኛ ክፍል ነው። በመጪው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ በሚደረገው የሕፃናት ጥያቄና መልስ በሳይንስ ተመርጧል። የጎረቤታቸው ልጅ ከዲጃም እንደዚሁ። ስለዚህ ወይንሸት ፓስቲው ባለቀ ቁጥር ሁለቱን ደረጃው ላይ አስቀምጣ፣ መጭለፊያዋን እንደ አለንጋ ይዛ ፊታቸው ትቆማለች።

«የቁስ አካል ሦስቱ ሁኔታዎች?»

«ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ» አሉ ልጆቹ በዜማ።

«ለጠጣር ምሳሌ።»

«ድንጋይ።»

«ለፈሳሽ።»

«ውሃ።»

«ለጋዝስ?»

ከዲጃ ቀደመች። «ጋዝ ማለት ወረፋ ያለው ነው። እናቴ ትናንት ስትሰለፍ ውላ አለቀ ተባለች።»

«እሱ የቀበሌ ሳይንስ ነው፣ መጽሐፉ ላይ የለም። ይልቅ ሂጂ፣ እናትሽ እየጠራችሽ ነው።»

ዕዝራ ከዲጃ እስክትሄድ ጠበቀና ወደ እህቱ ጆሮ ተጠጋ።

«እኔ አውቀዋለሁ። ጋዝ የሚገኘው እማዬ አልጋ ሥር ነው።»

መጭለፊያው ከወይንሸት እጅ ወደቀ።

አልተሳሳተም። አልጋው ሥር በጆንያ የተጠቀለለ አንድ ጀሪካን ላምባ አለ። በኩፖን የሚሰጠው ለፕሪሙሱ ሳምንት አያደርስም፤ ፕሪሙሱ ካልነደደ ደግሞ ፓስቲ የለም፣ ፓስቲ ከሌለ ምሳ የለም። ስለዚህ ወይዘሮ አባይነሽ ከአንድ ሾፌር በድብቅ ገዙ። በቀበሌው ቋንቋ ይህ አሻጥር ነው። ባለሱቁ አቶ ሀብተሥላሴ የታሰሩት በዚሁ ነው። ያውም ያጋለጠቻቸው የገዛ ልጃቸው ናት። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈቀደ ከረሜላ ሰጥቶ፣ ጉንጯን ዳብሶ፣ «አባባ ስኳር የት ነው የሚያስቀምጠው?» ቢላት ሕፃኗ ከረሜላዋን እየመጠጠች በጣቷ አሳየች። ይኸው ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ስንቅ ያመላልሳሉ።

ወይንሸት ወደ ጓዳ ገባች።

«እማዬ፣ ጀሪካኑን እናውጣው።»

«በጠራራ ፀሐይ? በፈቀደ መስኮት ፊት ለፊት?»

«እንግዲያው ዕዝራ አይሂድ፣ አሞታል እንበል።»

«ያልመጣ ልጅ ወላጁ ይጠየቃል ተብሏል።»

«እሺ፣ ከጠየቁት ‹የለም› ይበል።»

ወይዘሮ አባይነሽ ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ በሹክሹክታ ይጸልያሉ እንጂ አልተዉም። «ልጄን ውሸት አላስተምርም፤ ጌታ አይወደውም» አሉ።

«መደበቁንስ ይወደዋል?»

«መደበቅ ሌላ፣ መዋሸት ሌላ። አፍሽን ሰብስቢ።»

ወይንሸት አፏን ሰበሰበች፤ ሐሳቧ ግን አልሰበሰብ አለ። ዕዝራን «ስለ አልጋው እንዳትናገር» ብትለው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ አልጋው ብቻ ነው የሚያስበው። ታዲያ ምን ቀራት? ሳይንስ።

«ስማ፤ ጋዝ ማለት ለምሳሌ አየር ነው። ቅርጽ የለውም፣ አይጨበጥም፣ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይሞላል።»

«እማዬ ‹ጋዝ አለቀብኝ› ስትል አየር አለቀብኝ ማለቷ ነው?»

«እማዬ ተሳስታ ነው። የእሷ ላምባ ነው የሚባለው። ላምባ እንደ ውሃ ይቀዳል፤ ስለዚህ ፈሳሽ ነው።»

«ሰፈሩ ሁሉ ጋዝ ነው የሚለው።»

«ሰፈሩ ሁሉ ሦስተኛ ክፍል አልደረሰማ።»

ይቺ አባባል ሳትጥመው አልቀረችም፣ ፈገግ አለ። ወይንሸት ግን አላመነችውም። አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ያዘችና አፉን በመዳፏ ከደነች። ዓይኑ ሲፈጥ ለቀቀችው።

«ምን ጎደለህ?»

«አየር!» አለ እያለከለከ።

«አየር ምንድን ነው?»

«ጋዝ።»

«የት ይገኛል?»

ዕዝራ ትንሽ አሰበ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ አልጋው ሄደ። ወይንሸት አፍንጫውን እንደገና ያዘችው።

እስከ እሑድ ድረስ ልጁን አሳር አበላችው። ፊቱን ሲታጠብ ትጠይቀዋለች፣ ጫማውን ሲያስር ትጠይቀዋለች፣ ጉርሻውን ሳይውጥ ትጠይቀዋለች። አንዳንዴ በትክክል ይመልሳል፤ አንዳንዴ አልጋውን አየት ያደርግና ከንፈሩን ይነክሳል። እሱ አየት ባደረገ ቁጥር እሷ የአቶ ሀብተሥላሴን የስንቅ ሳህን ታያለች።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጓድ ፈቀደ ካኪውን ለብሶ የፊተኛው ወንበር ላይ ተንሰራፍቷል። ጠያቂው መምህር እምሩ ናቸው፤ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው «ዕዝራ» ብለው ጠሩ። ወይዘሮ አባይነሽ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ወይንሸት የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ለጋዝ አንድ ምሳሌ ስጠኝ፣ ልጄ።»

ዕዝራ ወደ ሕዝቡ ዞረ። እናቱን አየ። እህቱን አየ። ጓድ ፈቀደ አንገቱን ወደ ፊት አሰገገ። ልጁ በድንገት አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ያዘ፤ ሕዝቡ ሊስቅ ዳዳው።

«አየር» አለ በአፍንጫው።

አዳራሹ አጨበጨበ። መምህር እምሩ አንድ እርሳስ ሸለሙት። ወይንሸት ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን እስከ መጨረሻው ለቀቀች።

ግን ቸኩላለች። ሲወጡ ጓድ ፈቀደ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ መዳፉ ላይ ሁለት ከረሜላ አለ።

«ና እስቲ አንተ ሊቅ» አለ ቁጢጥ ብሎ። «አሁን ደግሞ የእኔን ጥያቄ መልስልኝ። እናንተ ቤት ጋዝ አለ?»

«ጓድ ፈቀደ፣ ልጁ ደክሞታል፣ ቁርስም አልበላ...» አለች ወይንሸት።

«አንቺን አልጠየቅኩም።»

ዕዝራ ከረሜላዎቹን አየ። «አለ» አለ።

ወይዘሮ አባይነሽ የልጃቸውን ትከሻ ጨበጡ።

«የት?»

«አልጋ ሥር አለ።»

የጓድ ፈቀደ ዓይን ቀስ ብሎ ከልጁ ወደ እናትየው ወጣ። እጁ ላይ የነበረው አንዱ ከረሜላ ወደ ዕዝራ መዳፍ አለፈ።

«ሌላስ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥም አለ» ቀጠለ ዕዝራ። «ድስት ውስጥም አለ። ከዲጃ ቤትም አለ። እርስዎ አፍንጫ ውስጥም አለ። ጋዝ ቅርጽ የለውም፣ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይሞላል።»

«ልክ ነው» አሉ ከኋላ ሲወጡ የሰሙት መምህር እምሩ፣ ፈተና የሚያርሙ ይመስል። «በተለይ የአፍንጫው ምሳሌ ጥሩ ነው።»

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ጓድ ፈቀደም ዘግየት ብሎ ሳቀ፤ ሰው ሁሉ እየሳቀ ብቻውን መኮሳተር አልሆነለትም። «ጎበዝ» ብሎ ተነሣ። ሁለተኛውን ከረሜላ ግን ኪሱ መለሰው፤ ዓይኑም ከወይዘሮ አባይነሽ ፊት ቶሎ አልተነቀለም።

ሦስቱም ወደ ቤታቸው አቀኑ። ዕዝራ ከረሜላውን በጉንጩ እያገላበጠ፣ በእርሳሱ አጥሩን እየጫረ ይሄዳል።

«ወይኒ» አለ መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ፤ «ያቺን ሁለተኛዋን ለምን ከለከለኝ?»

«አላውቅም። መልስህ ግን ጥሩ ነበር።»

«‹ላምባ አለ ወይ?› ቢለኝ ኖሮ እሱንም እነግረው ነበር። ምን ያደርጋል፣ አልጠየቀኝም።»

ወይዘሮ አባይነሽ ቆሙ። ወደ አዳራሹ ዞረው አዩ።

«ወይንሸት፣ ፊት ፊት ሂጂ። ለከዲጃ እናት፣ ለአቶ ሀብተሥላሴም ቤት፣ በየጠርሙሱ አዳርሺው። ጆንያውንም አቃጥዪው።»

«እማዬ፣ ጠራራ ፀሐይ ነው እኮ።»

«ይሁን።»

ወይንሸት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና፣ ጓድ ፈቀደ ሌላኛው ቃል ትዝ ሳይለው ለመድረስ ቁልቁል ሮጠች።