አሥራ አንድ ቅዳሜ

ሚዛን ከፊት ረድፍ፣ «የቤተሰብ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈባቸው ሁለት ወንበሮች በአንደኛው ላይ ተቀምጣለች። ሁለተኛው ላይ ቦርሳዋን ጣል አድርጋበታለች። ሁለት ወንበር ያዘጋጀው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እሱ ይወቀው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤተሰብ ማለት እሷው ብቻ ናት። ልጅ የላቸውም።

ሚዛን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ የባሏ ተማሪዎች የለጠፉባት ነው። ባሏ ለሕመምተኛ የሚሰጥ የጨረር መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀር በመለካት በአገሩ የመጀመሪያው ሰው ነበር። የሰው ገላ ደግሞ ከሚበላው ምግብ የተነሣ የራሱን ጥቂት ጨረር አያጣም፤ የታመመውን ለመለካት መጀመሪያ የጤነኛውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ ከየት ይምጣ? ከቤት ነዋ! ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት ሚዛን ጫማዋንና ቀለበቷን አውልቃ፣ የውጭ ጨረር እንዳያስገባ ግድግዳው ወፍራም ብረት ወደሆነ ጠባብ ክፍል ትገባለች፤ ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ንቅንቅ ሳትል ትቀመጣለች። ባሏ ከውጭ ሆኖ መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር ይጽፋል፤ የሕመምተኛው ሁሉ በዚያ ይመዘናል። «የሰው ባል ሚስቱን ቅዳሜ ሽርሽር ይወስዳል፤ የኔው ብረት ሳጥን ውስጥ ይቆልፍብኛል» እያለች ትቀልድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ያቺን አርባ ደቂቃ ትወዳት ነበር። ከሳምንቱ ሁሉ ባሏ እሷን ብቻ የሚያስብባት ጊዜ ያቺ ነበረች።

ዛሬ ከሞተ ዓመት ሞላው። በስሙ የተሰየመው የመታሰቢያ ንግግር ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ አዳራሽ ተጀምሯል። ተናጋሪው የመጨረሻ ተማሪው ነው፤ አሁን እሱም ራሰ በራ ሆኖ የክፍሉ ኃላፊ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ሚዛን የክብር ሰሌዳ ትቀበላለች፤ ሁለት ቃል እንድትናገርም ተለምናለች። ጭንቋ ይኸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሆዷ ውስጥ የያዘችው ቂም አለ። በውሸት አመስግና ትውረድ ወይስ ሰሌዳውን ተቀብላ ዝም ትበል፣ ገና አልቆረጠችም።

ቂሙም እንዲህ ነው። በተጋቡ በሰባተኛው ዓመት አረገዘች፤ በአምስተኛው ወር አስወረዳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በመጀመሪያው ቅዳሜ ባሏ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመና፣ «መሣሪያው ተበላሽቷል። አንቺ ተኚ፣ እኔ ሄጄ ልየው» አላት። ሄደ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። አሥራ አንድ ቅዳሜ! እሷ ጭር ባለው ቤት የጎረቤት በር ሲከፈትና ሲዘጋ እያዳመጠች ትውል ነበር። «ከብረት አንሼ ተገኘሁ ማለት ነው» ትል ነበር ለራሷ። በአሥራ ሁለተኛው ተነሥታ ሄደች፤ ጫማዋን አወለቀች፣ ገባች። ስለ ልጁ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

አዳራሹ ፊት ለፊት ባለው ሸራ ላይ ሥዕል ወጣ።

«ይህቺ መስመር እትዬ ሚዛን ናቸው» አለ ተናጋሪው፤ ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። የሃያ ሰባት ዓመት ቅዳሜዎች በነጠብጣብ ተደርድረዋል። አንድ ቦታ ላይ ክፍተት አለ።

«እዚህ ጋ የታተመው ጥናት ‹የመሣሪያ ብልሽት› ይላል። እኛም አምነን ስናስተምር ኖርን። ባለፈው ወር ጋሼ በእጃቸው የጻፉትን መዝገብ መጋዘን ውስጥ አገኘሁት። መሣሪያው ደህና ነበር! ጋሼ አሥራ አንዱንም ቅዳሜ ባዶውን ወንበር አርባ አርባ ደቂቃ ለክተዋል። ባዶ ክፍል ለመለካት እኮ አሥር ደቂቃ ይበቃቸው ነበር። የተለኪ ስም በሚሞላበት ቦታ ደግሞ የእትዬን ስም ሞልተዋል። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልገባንም። ያው፣ የጋሼ ነገር!»

አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ሚዛን አልሳቀችም። ስሟ ሲጠራ እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣች አታውቀውም። ሰሌዳውን አስታቀፏት፤ ማይክሮፎኑን አቀረቡላት።

«መሣሪያው አለመበላሸቱን ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች። «ያኔ አስወርዶኝ ተኝቼ ነበር። ጥሎኝ የሸሸ መስሎኝ ይኸው እስከዛሬ ተቀይሜው ኖርኩ። ለካስ እዚያ ቁጭ ብሎ…» ሰሌዳውን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። የሚስቅ ጠፋ። «ግን እኮ ቤት ነበርኩ። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ባዶ ወንበር ከሚጠብቅ፣ መጥቶ እኔ አጠገብ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?»

ተናጋሪው መነጽሩን አውልቆ ቀረብ አላት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላወቅኩም። ሥዕሉን አስተካክለዋለሁ። ክፍተቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ወደ ሸራው ዞራ ክፍተቱን አየች።

«‹ጠበቃት፤ ግን አልጠራትም› በል።»

ደረጃውን መውረድ ጀምራ ቆም አለች።

«‹እሷም አልጠራችውም› ብለህ ጨምርበት።»

ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከመቀመጧ በፊት ቦርሳዋን ከሁለተኛው ወንበር ላይ ለባሏ አነሣችለት።