ከሶኬት የነቀልኳት ኮምፒውተር

አቃቂ በሰቃ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ከጀመርኩ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። «ሳህሌ ያቃተው ዕቃ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የሚል ሰው ካለም እኔ ፊት አይልም። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ሮዳስ መታወቂያ ወረቀት የምታክል ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጥ ዕቃዋን ንቄ ነው ያየኋት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ኮምፒውተር ናት፣ አባዬ።»

«ቀሪዋስ?»

«ቀሪ የላትም። በቃ እሷው ናት።»

ሮዳስ ኮዬ ፈጬ በሚገኝ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። እንዲህ ያሉ ስምንት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ለተማሪዎቿ ለማስመጣት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስትጽፍ ከርማለች። ከመጡ በኋላ ግን እየተነሡ ይወድቃሉ። ኮምፒውተሮቹን የሚያሠራው፣ ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም የሚቀመጠው በስልክ ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ሮዳስ እንደ አዲስ ትጭነዋለች፣ ሁለት ሦስት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስትገባ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ትንቢት ደግሞ እስከ ዓርብ ካልተስተካከሉ ለሌላ ትምህርት ቤት እሰጣቸዋለሁ ብላለች። ሮዳስ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ይቺ ልጅ ስታለቅስ አልችልም፣ እናደዳለሁ።

«ትተሽልኝ ሂጂ!» አልኳት።

ሜሞሪው ላይ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጭና፣ አጀማመሩን ወረቀት ላይ ጽፋልኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

መጀመሪያ ማብሪያውን ፈለግኩ። የላትም። ማብሪያ ማጥፊያ የሌለው ዕቃ የሠራ ሰው ምን አስቦ ነው? በቴስተር ለካኋት፤ ኤሌክትሪኩ ልክ ነው። ባለቤቱ ከረሳው ሦስት ዓመት ከሆነው ቴሌቪዥንና ሮዳስ ከተወችልኝ ኪቦርድ ጋር አገናኘኋትና ሶኬት ላይ ሰካሁ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት ይንጋጉ ጀመር። ስም ጠየቀችኝ፣ ከወረቀቱ አይቼ ጻፍኩ። ፓስወርድ ጠየቀችኝ። ብጫን ብጫን አንድ ነጥብ እንኳ አይታይም።

ኪቦርዱ ሞቷል አልኩ። በካቻቢቴ ፈትቼ፣ በአልኮል ጠራርጌ ገጠምኩት። ያው ነው። ጎረቤቴ ናዕማ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ የእሷን ኪቦርድ ተበደርኩ። እሱም ዝም ሲለኝ እሱንም ፈታሁት። ናዕማ ስትመጣ ኪቦርዷ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል።

«ጋሽ ሳህሌ! አበድክ እንዴ? ደህና ዕቃዬን!»

እሷ ስትጮህ ሮዳስ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ፓስወርድ ሲጻፍ አይታይም» አለችኝ። «ሆን ተብሎ ነው። ዝም ብለህ ጻፍና አስገባ።»

ጻፍኩ። ገባች! ወረቀቱ እንደሚለው አድርጌ ስሜን በአማርኛ ስጽፍ ስክሪኑ ላይ ፍንትው ብሎ ወጣ። እንደ ልጅ ጮህኩ። ናዕማም ሳቀች፣ ኪቦርዷን እስክገጥምላት ድረስ ግን ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት እንደ ወትሮዬ ሁሉንም ከሶኬት ነቀልኩ። የእኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመለስ ጉልበቱን አይመጥንም። ሱቄ ከሚመጡት ቴሌቪዥኖች ግማሾቹ ሳይነቀሉ ያደሩ ናቸው። ሳይነቅል የሚተኛ ሰው እንጀራዬ ነው፣ እኔ ግን እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም።

ረቡዕ ጠዋት ሰካኋት። አንድ መስመር ጻፈችና ቀጥ። ቀኑን ሙሉ ስለካና ስሰድባት ዋልኩ። ማምሻውን ሮዳስ መጣች፣ አየቻት።

«ትናንት እንዴት አጠፋሃት?»

«ነቅዬ ነዋ!»

«ሳትዘጋት? አባዬ፣ ሜሞሪው ላይ እየጻፈች እያለ ከተነቀለች እኮ ሲስተሙ ይበላሻል። ከዝርዝሩ ውስጥ ‹ዝጋ› የሚለውን ተጭነህ፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን እስክታቆም ጠብቀህ ነው የምትነቅላት።»

«የአንቺዎቹንስ ማን ይነቅላቸዋል?»

«ማንም። ሌሊት ኔት ስለሚፈጥን ፕሮግራም እንዲያወርዱ ትቻቸው ነው የምሄደው።»

«ጥበቃ የላችሁም?»

«አሉ። ጋሽ ጂራታ።»

«ደህና ጥበቃ ከሆኑ ሁሉም ሲወጣ የመብራቱን ብሬከር ያወርዱታል። አንቺ ሳትገቢ ደግሞ ያበሩታል። ያው መንቀል አይደል?»

ሮዳስ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

ሐሙስ አብሬያት ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር፤ ቆጣ ብዬ ልጀምር ነበር ያሰብኩት። ጋሽ ጂራታ በሩ ላይ ቆመዋል፤ የዚያው አገር ሰው ናቸው፣ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ስለ ብሬከሩ ስጠይቃቸው ደረታቸውን ነፉ።

«በየማታው አወርደዋለሁ! እዚህ ከገባሁ አንድ አምፖል አልተቃጠለም።»

ቁጣዬ ወዴት እንደገባ እንጃ። እኒህ ሰው እኔው ነኝ።

«ጋሽ ጂራታ፣ እኔም እንደ እርስዎ ለመጠንቀቅ ብዬ ነቅዬ ነው ያበላሸኋት» አልኳቸው። ሮዳስ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ ከአፌ «አበላሸሁ» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ለካ ስምንቱን የጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ታዲያ አሁን ምን ይሁን?»

ሮዳስ ስምንቱንም እንደ አዲስ ጫነች፣ አዘጋጉንም አሳየቻቸው። ማታ ጋሽ ጂራታ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄዱ፣ አረንጓዴዎቹ መብራቶች አንድ በአንድ እስኪረጉ ጠበቁ። አምስተኛዋ ዘገየች።

«ይቺ ሰነፍ ናት» አሉ፤ ግን ጠበቋት። ብሬከሩን ያወረዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ተመልሼ ሄድኩ። ወይዘሮ ትንቢት ባዶ ካርቶን ይዛ ገባች። ሮዳስ ከንፈሯን ነክሳ ብሬከሩን አነሣች። ጋሽ ጂራታ በሩ ላይ ሆነው በጣታቸው ይቆጥራሉ። አንዷ ተነሣች፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ። ስምንተኛዋ ስትነሣ ወይዘሮ ትንቢት ካርቶኑን መሬት አስቀመጠች።

«በሉ ተማሪዎቹን አስገቧቸው» አለች።

ሮዳስ እየሮጠች ሄዳ ያቀፈችው እኔን አይደለም፤ ጋሽ ጂራታን ነው። ቅር አላለኝም። እሺ፣ ትንሽ ብሎኛል፤ ደስታዬ ግን ይበልጥ ነበር።