ሰባቱ የማሩ ፎቶዎች

በዘጠና ስድስት ዓ.ም. የሰሊጥ ዋጋ ሲሰቀል፣ መተማ ዮሐንስ ላይ ማሩና ሚስቱ ውድነሽ የቋጠሩት ገንዘብ አንድ ዕቃ ብቻ የሚገዛ ነበር። ዕቃዎቹ ግን ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት፣ በሽር ከሚባል የልባሽ ዕቃ ነጋዴ ሱቅ ተቀምጠዋል። አንደኛው በብብት የሚያዝ ኪቦርድ ነው። ማሩ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት አኮርዲዮን ይጫወት ስለነበር ለሠርግ ይዞት ሊዞር አሰበ። ሌላኛው ሰፊ ፊልም የሚጎርስ፣ ደረት ላይ አንጠልጥለው ከላይ ወደ ታች የሚያዩበት ካሜራ ነው። ውድነሽ ሳታገባ ጎንደር ፎቶ ቤት ሠርታለች፤ ሱቃቸውን ፎቶ ቤት ልታደርገው ፈለገች።

ሌላ ባልና ሚስት ቢሆን የትኛው ያዋጣል ብሎ ይከራከር ነበር። እነዚህ የተከራከሩት የትኛው ያስቀናል በሚለው ነው። ውድነሽ ኪቦርዱን ባየች ቁጥር የሚታያት ባሏን ከበው ትከሻቸውን የሚያርገፈግፉ የሠርግ ቤት ኮረዶች ናቸው። ማሩ ካሜራውን ባየ ቁጥር የሚታየው ደግሞ ለአጨዳ ከደጋ የወረደ ጎረምሳ ነው፤ ኪሱ ሞልቶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ለእናቱ የሚልከውን ፎቶ ሊነሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ውድነሽ አገጩን በሁለት ጣት ቀና ስታደርግለት።

ያስታረቃቸው በሽር ነው። ካሜራውን አንገቷ ላይ ሊያንጠለጥልላት ሲል ማሩ ነጥቆ ራሱ አንጠለጠለላት።

"ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ተመልከት" አለው በሽር። "ሌላው ካሜራ ዓይን ለዓይን ነው። ይኼ አንገት ያስደፋል። ሰውየውን አታየውም፤ አናቱ ላይ ያለውን መስታወት ነው የምታየው።"

ማሩ የሚስቱን የተደፋ አንገት አየና እንዲህ ያለ ጨዋ ዕቃ መኖሩ ገረመው። ኪቦርዱን ተወ። አገጩን ግን አልተወም፤ አገጭና ኮሌታ የሚያስተካክለው እሱ እንዲሆን አስምሎ ገዛላት።

ጥቅምት ሲጋመስ ከኮኪትና ከሽንፋ አይሱዙ ሙሉ አጫጅ እየመጣ ፎቶ ቤቱ ጠበበ። ማሩ ከጠዋት እስከ ማታ የወንድ አገጭ ሲያቃና ይውላል። አንዱ የጎጃም ሰው መንጋጋውን ሲያመው ጊዜ፣ "ጋሼ፣ አገጭ ነው እንጂ እርፍ አይደለም" አለው።

አንድ ቀን ያረጋል የሚባል መልከ መልካም ልጅ ተቀመጠ። ማሩ አገጩን አቃንቶ ሲዞር ውድነሽ አንገቷን ደፍታ ቆይታለች። በጣም ቆየች። በትከሻዋ ላይ ተንጠራርቶ መስታወቱን ቢያይ ያረጋል እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ጥርት ብሎ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር እየተቆጠረ። ማሩ በገዛ እጁ የገዛላት፣ ሰው ሳያውቅባት ሰው የምታይበት መስኮት ኖሯል።

ምን ታያለሽ ይኼን ያህል አላት። ፎከሱን እያስተካከልኩ ነው አለችው።

"እኔንስ እንዲህ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"አንተንማ በየቀኑ አይሃለሁ። ፊልሙ አሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ አታባክንብኝ።"

ማሩ ያረጋልን በክንዱ ይዞ አስነሳና ራሱ ተቀመጠ። ውድነሽ ስቃ አነሳችው። ከወንበሩ አልወረደም፤ ድገሚኝ አለ። ሰልፈኛው አጉረመረመ፤ ውጭ የቆመው ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ፤ ያረጋል በሩን ተደግፎ ፈገግ ብሎ ቆመ። ፊልሙ ላይ የቀረው ሰባት ነበር፤ ሰባቱም ማሩ ላይ አለቀ። ውድነሽ መጀመሪያ እየሳቀች፣ ከዚያ እየተናደደች፣ በመጨረሻ ረጋ ብላ፣ በየመሀሉ መስታወቱን ረጅም ጊዜ አየች። ከተጋቡ ወዲህ ያን ያህል አይታው አታውቅም።

ያንን ሰፊ ፊልም የሚያጥቡት ጎንደር ያሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ ስለሆኑ፣ ፊልሙ በሹፌር እጅ ሄዶ ፎቶዎቹ ሲመለሱ ሳምንት አለፈ። ውድነሽ ባንኮኒው ላይ ደረደረቻቸው። ሰባቱም ላይ ማሩ አንገቱን አቅንቶ ቁጭ ብሏል፤ ዓይኖቹ ግን ሰባቱም ላይ ወደ ጎን፣ ወደ በሩ ፈጠዋል።

"እኔ እኮ ሳይህ ነበር" አለች፤ ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሏል። "አንዴ እንኳ ወደ እኔ አላየህም።"

ማሩ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ ጨረሰና፣ ያ ልጅ ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠየቃት።