ወረፋ የለቀቁላት ቀን

ረቡዕ ጠዋት ዘሪቱ ቦኖው ዘንድ ስትደርስ የጀሪካኑ ሰልፍ እስከ ወፍጮ ቤቱ አጥር ደርሶ ነበር። በዚህ የቢቸና ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በወረፋ የተነሳ የተቆራረጡ እህትማማቾች አሉ። እሷም እንደ ልማዷ ጀሪካኗን መጨረሻ ላይ አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ልትቀመጥ ስትል ይርጋነሽ ከፊት ሆና ጠራቻት።

«ነይ፣ ቀድመሽ ቅጂ።»

ይርጋነሽ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። በመካከላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ አንድ ነው፤ አንዷ ስትስል ሌላዋ ትሰማለች። የዘሪቱ ቆርቆሮ በክረምት ውኃውን ወደ ይርጋነሽ ደጃፍ ስለሚያወርድ ቃል ከተለዋወጡ ለመሰዳደብ ነው።

ዘሪቱ ወረፋ የያዙትን ሴቶች አየቻቸው። አንዲቷም አላጉረመረመችም። ቀዳች። ቢያዝን የሚባለው ባለሱቅ ከሱቁ ወጥቶ ጀሪካኑን ቤቷ ድረስ ተሸከመላት፤ ወትሮ እንደሚያደርገው በአረማመዷ ሳይቀልድ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሁለት ልጆች አሏት። ወይንእሸት ሞጣ አግብታ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ወንዱ ልጇ፣ ስሙ እንዳለው፣ ባሕር ዳር የግንባታ ሥራ ይሠራል። መንገዱ ከተዘጋ፣ ስልኩም ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የሞጣውም የባሕር ዳሩም ወሬ በዚያው በአንድ መንገድ፣ በእግሩ ከሚመጣ ሰው ጋር ነው የሚደርሰው። ትናንት አመሻሽ ላይ በዚያ በኩል ሰዎች ገብተዋል ሲባል ሰምታለች።

ቀትር ላይ የቢያዝን ሚስት ምሥራቅ ሽሮ ይዛ መጣች፤ እስክትበላ አልሄድም ብላም ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ዘሪቱ ይህን ታውቀዋለች። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፤ ሐዘንተኛው ከሰማ በኋላ እህል ስለማይቀምስ ቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል። ከአራት ዓመት በፊት የይርጋነሽ ባል ለሕክምና ሄዶ በዚያው ሲቀር፣ ጠቡን ትታ፣ ፊቷ ተቀምጣ የይርጋነሽን ጉርሻ ስትቆጥር የነበረችው ራሷ ዘሪቱ ናት።

ምሥራቅ ስትሄድ አንድ ተስፋ ብቻ ቀራት። አንድ ሰው እንደ ወትሮው ከሰደባት፣ ነገሩ ሁሉ የራሷ ፍርሃት የፈጠረው ነው። የዕቃ እጣቢዋን በሳፋ ይዛ ወጣችና ይርጋነሽ ደጃፍ ላይ ደፋችው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ብቅል ነበር፤ ግማሹን እጣቢው ይዞት ሄደ።

ይርጋነሽ ወጣች። ብቅሉን አየች፣ ዘሪቱን አየች።

«ምን ያስፈጥጥሻል?» አለች ዘሪቱ። «ባልሽም ከምላስሽ ሞት ይሻለኛል ብሎ ነው የሄደ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ሽማግሌ ያስጠራ ነበር። ይርጋነሽ ጎንበስ ብላ የራሰውን ብቅል በእጇ ታፍስ ጀመር።

«ምሳ በላሽ?» አለቻት ቀና ሳትል።

ዘሪቱ ሳፋውን እንደያዘች አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስደቢኝ፣ ይርጋነሽ።»

ይርጋነሽ ብቅሉን ማፈሱን ቀጠለች።

«እሺ የትኛው ነው? እሱ ነው እሷ?»

«ለአባ ገብረ ኪዳን ቃል ሰጥቻለሁ። ወንድምሽ ከጉንደ ወይን እስኪደርስ ነው። አትጠይቂኝ፣ በእናትሽ።»

የቀረውን ቀን ዘሪቱ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆመች። መጸለይ ግን አቃታት። «ወይንእሸትን» ብላ ስትጀምር እንዳለውን አሳልፋ የሰጠች መሰላት፤ «እንዳለውን» ስትል ልጅቱን። ሁለቱን ስም በአንድ ትንፋሽ ልትጠራ ሞከረች፤ አንዱ የግድ ይቀድማል። ከግድግዳው ማዶ ይርጋነሽ ታለቅስ ነበር፤ አፏን በነጠላ ብታፍነውም ይሰማል።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ውጭ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማች። ሳያንኳኩ ከፈተችላቸው። የእድሩ ሰዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ከፊት የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ኪዳን፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ወንድሟ አካለ ወልድ። ዘሪቱ የማንንም ፊት ለማየት አልደፈረችም፤ እግር እግራቸውን ታይ ነበር። ከሁሉም ኋላ እስከ ጉልበቱ በመንገድ ጭቃ የተለወሰ እግር አየች። ቀና አለች። እንዳለው ነበር።

ሰዎቹን ገፍታ አለፈችና አንገቱን ያዘችው። ፊቱን ዳሰሰች፣ ደረቱን ዳሰሰች፣ ትኩስ ነው።

«ተመስገን» አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ተመስገን፣ ጌታዬ፣ ተመስገን።»

አብሯት ያመሰገነ አልነበረም። አካለ ወልድ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። የልጇ ትከሻ በእጇ ሥር መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ያኔ ነው በማን ሞት ላይ እንዳመሰገነች የገባት።