ልኳን የምታውቅ ጥይት

«ማን ነው ያደባለቃቸው?» አለች ሰገነት፣ የጥይቱን ጣሳ አልጋው ላይ ዘርግፋ።

ጎረቤቷ ሥራነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ ነኝ እቴ። ቤቱን ለለቅሰኛ ሳሰናዳ ብልቃጡ በዛብኝና አንድ ጣሳ ውስጥ ጨመርኳቸው። ሁሉም ያው ጥይት መስሎኝ።»

ያው አልነበሩም። ሟቹ አባቷ አቶ ይታያል ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን ከጣት የማይረዝሙ፣ እውነት የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱ ጥይት አለው፤ ትልቋ ማሽላ ታክላለች፣ ትንሿ ከኑግ ፍሬ አትበልጥም።

ከድንኳኑ ሹክሹክታ ይሰማል።

«ያን የመሰለ ሰው ያለ ተኩስ ተሸኘ!»

«ዝም በይ፣ በዚህ ዘመን ማን ይተኩሳል?»

በቀብሩ ዕለት ተኩስ የከለከሉት የአባቷ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደርቤ ናቸው። «ድምፁን የሰማ ታጣቂ ሁሉ ወደኛ ነው የሚመጣው። በሞት ላይ ሞት አንጥራ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰገነት ግን ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አጣች፤ ተቀመጪ ሲሏት ትነሳለች፣ ብይ ሲሏት ትወጣለች። ዛሬ ሠልስት ነው። ማታ ለቅሰኛው ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ቢተኮስ ለማን ነው?

ከአባቷ ጠመንጃዎች አንዱን አነሳች። የመጀመሪያዋ ጥይት አልገባም አለች። ሁለተኛዋ ልቅ ሆና መዳፏ ላይ ተመልሳ ወደቀች።

የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ ጥይት የምትለካላቸው እሷ ነበረች። «ስሜ ይታያል፤ ለኔ ግን ምን ይታያል?» እያሉ ይስቁ ነበር። «ጥይት ሙሽራ ናት፣ ልጄ። ሮጣ የገባች ቤቷ አይደለም። ተገፍታ የገባች ቤቱን ታፈርሳለች። እያፈረች የገባችው ናት እመቤቲቱ።» አንድ ቀን ቸኩላ ወፍራሟን በጠባቡ ስትገፋ እጇን ያዙና «ወደ ፊት እንቢ ካለች ወዳንቺ ነው የምትመለሰው» አሏት።

አሁንም እየገፋች ነበር።

«ተይው እቴ፣ ጣትሽን ትበላሻለች!» አለች ሥራነሽ።

«ትብላው!» አለች ሰገነት። ግን እጇ ቆመ። ወፍራሟን መልሳ አውጥታ ጣለቻት። ሌላ ሞከረች፣ ደግሞ ሌላ። አንዷ አፉ ላይ ጥቂት ተግደረደረችና ቀስ ብላ ገባች።

ሰገነት ግቢው መሀል ቆመች፤ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንታ ቃታውን ሳበች።

ጧ!

«ሽምብራ ነው የፈነዳው?» አለ ከድንኳኑ አንዱ።

ጋሼ ደርቤ ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «አንቺ ልጅ! ምን አደረግሽ?»

«ተኮስኩላቸው፣ ጋሼ።»

መንገዱን አዩ። ውሻ እንኳ አልጮኸም።

«ይቺ ናት ድምፁ?»

«ይቺ ናት።»

ጋሼ ደርቤ፣ ለሞተ ጀግና ጠመንጃ እንደሚዘቀዘቅ ሁሉ፣ ዱላቸውን ጫፉን ወደ መሬት ዘቅዝቀው ትከሻቸው ላይ አኖሩና ግቢውን ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ።