ፍሬሰላም ደሴ ናት

ወይዘሮ ምንዳዬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሠርታ የተማረችው ነገር ቢኖር ያላለቀ ጉዳይ ፋይሉ ተከድኖ መቀመጥ እንዳለበት ነው። ስለዚህ ልጇ ፍሬሰላም ለቻይና የትምህርት ዕድል ከተወዳደሩት አርባ ሰዎች መካከል ከመጨረሻዎቹ ስድስት ውስጥ ገባች የተባለ ቀን፣ እልል ከማለቷ በፊት ተነሥታ በሩን ዘጋች።

"ለማንም አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ" አለች።

"እማዬ፣ ኢንተርቪው ብቻ እኮ ነው የቀረኝ፣ በቃ።"

"የሚያስፈራውስ እሱ አይደል? ዓይን የሚበዛው ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ነገር ላይ ነው።"

ዕድሉ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ፍሬሰላም በማኔጅመንት ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ስትቆም የከረመች ልጅ ናት። ቻይናዎቹ ከተማውን በየአቅጣጫው መቆፈር ሲጀምሩ፣ ቋንቋቸውን የቻለ አስተርጓሚ ከእናቷ አለቃ የሚበልጥ ደመወዝ እንደሚያገኝ ሰማችና ደምበል አካባቢ ባለ አንድ የቋንቋ ማዕከል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠውን ነፃ ትምህርት ጀመረች። በስምንተኛው ወር ማዕከሉ ሁለት ተማሪዎችን መርጦ ለአንድ ዓመት ቤጂንግ ሊልክ ነው ተባለ። ትምህርቱ፣ ማደሪያው፣ የወር የኪስ ገንዘቡ፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ ሳይቀር በእነሱ ነው። ምንዳዬ ይህን ሁሉ ከደመወዟ ልቆጥብ ብትል የማቱሳላ ዕድሜ ያስፈልጋት ነበር።

ችግሩ ጎረቤት ነው። ካዛንቺስ ባለው የቀበሌ ቤታቸውና በእትዬ ጀማነሽ ቤት መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ጀማነሽ ምንዳዬን አርሳታለች፣ ፍሬሰላምንም በጀርባዋ አዝላ አሳድጋለች፤ ምንዳዬም ከእህቷ አስበልጣ ትወዳታለች። ትፈራታለችም። ፍቅርና ፍርሃት አንድ ላይ አይኖሩም የሚል ሰው የቀበሌ ቤት ኖሮ አያውቅም።

ስለዚህ ምንዳዬ ዘዴ ዘየደች። ኢንተርቪው ዓርብ ነው። እስከዚያ ልጅቷ ቄራ አክስቷ ማሚት ቤት ሆና ታጥና፤ ለጎረቤት ደግሞ አጎቷን ልትጠይቅ ደሴ ሄዳለች ይባል። ማርያም ይቅር ትበላትና፣ ጤነኛ ወንድሟን ሳል እንኳ ሳይኖርበት አልጋ ላይ አስተኛችው። አንድ የሰፈር ሰው ደውሎ ከጀርባ የቄራ ጫጫታ እንዳይሰማ ብላም የልጅቷን ሞባይል አስዘጋቻት። ጀማነሽ ወሬውን ስትሰማ "እግዜር ይማረው" ብላ ዝም አለች። ምንዳዬ በዘዴዋ ረካች፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራች።

ረቡዕ ለምሳ ወደ ቤት ስትመለስ ጀማነሽ በሯ ላይ ጎመን እየቀነጠሰች ጠበቀቻት።

"ምንዳ፣ ትናንት ማታ በቤት ስልኬ አንዲት ሴት ደውላ ፍሬን ጠየቀችኝ።"

ምንዳዬ ቁልፏን በር ላይ እንደሰካች ቆመች። "ምን አልሻት?"

"ደሴ ናት አልኳታ። መቼ ትመለሳለች ብትለኝ፣ አጎቷ በጣም ስለታመመ ወር ሳይሞላት አትመጣም አልኩ።"

"ወር? እኔ ሳምንት አይደል እንዴ ያልኩሽ?"

"ሳምንት ለውሸት አነሰብኝ።"

ምንዳዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "ውሸት መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በግድግዳው ስትለማመድ እየሰማኋት? ማ፣ ማ፣ ማ፣ ማ ትላለች። መጀመሪያ ጥርሷን ያመማት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ቻይንኛ መሆኑን ለየሁት። አንቺ ካልነገርሽኝ ምክንያት ይኖርሻል ብዬ ዝም አልኩ። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ስትደውል ነገር የምታጣራ መሰለችኝ። ሚስጥርሽን እየጠበቅኩልሽ ነው እኮ።"

"ሌላስ? ሌላ ምን አለች?"

"'እንግዲያው ፕሮግራሙ ከዓርብ ወደ ነገ ስምንት ሰዓት መጥቷል፤ እሷ ከሌለች ተጠባባቂ እንጠራለን' ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሌላ ሌላ ሲሸተኝ አደረ። ጠዋት ልነግርሽ ብመጣ ቢሮ ሄደሻል።"

ነገ የተባለው ዛሬ ነው። ሰዓቱም ሰባት ሊሆን ሩብ ጉዳይ። ፎርሙ ሁለተኛ ስልክ ሲጠይቅ ፍሬሰላም ከልጅነቷ ጀምሮ ቤተሰቡ ሲጠራበት የኖረውን የጀማነሽን ቁጥር እንደሞላች ምንዳዬ አሁን ገባት። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የእሷው ግን የደረሰው በሰው ዓይን አልነበረም። በገዛ አፏ ነው። እሷው ባስዘጋችው ስልክ፣ እሷው በፈጠረችው ደሴ።

"ልጄን በእጄ ገደልኳት" አለች።

ጀማነሽ የጎመኑን ሳፋ ወደ ጎን አድርጋ ነጠላዋን አነሣች። "ለቅሶው ይደርሳል። አንቺ ቄራ ሄደሽ ልጅቷን አምጪ። እኔ ቦታው ሄጄ አለች እላቸዋለሁ።"

"ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴን ተይውና የት፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ንገሪኝ።"

ምንዳዬ በኮንትራት ላዳ ቄራ ስትደርስ ማሚት ሥራ ላይ ነበረች፤ ፍሬሰላም ፀጉሯን ታጥባ በፎጣ ጠቅልላ፣ በማሚት ፒጃማ፣ ለራሷ በቻይንኛ እየተናገረች አገኘቻት። መንገዱ በቁፋሮ ተዘጋግቶ ስለነበር ማስረዳቱን ታክሲው ውስጥ ጨረሰችው። ልጅቷ አንድ ጊዜ "እማዬ" አለች። ከዚያ በኋላ በላዳው መስኮት ፀጉሯን እያደረቀች ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። 

ሕንፃው ስር ሲደርሱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል፤ መብራት ስለሌለ ሊፍቱ አይሠራም። ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጡ። ጀማነሽ እዚያ ናት፤ በፈተናው ክፍል በር ፊት ለፊት ወንበር ስባ፣ ማንም ሳያስፈቅዳት እንዳያልፍ ሆና ተቀምጣለች። ተጠባባቂው ልጅ ግድግዳው ተደግፎ በትሕትና ይጠብቃል። አንዲት የማዕከሉ ሠራተኛ ደግሞ ከአጠገቧ ቆማ ፈገግታዋን ለመያዝ ትታገላለች።

"እናቷ እርስዎ ነዎት?" አለች ሠራተኛዋ። "እኚህ እናት ሁሉንም ነግረውናል። ደሴ የምትባለውን ነገር ራሳቸው ፈጥረው እንደተናገሩ፣ ቤተሰቡ እንደማያውቅ። ለቻይናዎቹ አስተማሪዎች ስተረጉምላቸው ስቀው እስከ ዘጠኝ እንጠብቃታለን ብለዋል።"

ፍሬሰላም ጫማዋን በመሐረብ ጠረገችና ገባች። በሩ ተዘጋ።

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። 

"ጥፋቱን ለምን በራስሽ አላከክሽው?" አለች ምንዳዬ።

"እናት ዋሸች ከሚባል ጎረቤት ዋሸች ቢባል ይሻላል። ጎረቤት እንደሁ አይፈተንም።"

"እትዬ ጀማነሽ፣ ይቅር በይኝ። የደበቅኩሽ ዓይንሽን ፈርቼ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አልከፋሽም?"

ጀማነሽ ጉልበቷን አሸች። "ሄኒ ቤሩት የሄደች ጊዜ ምን ብዬሽ ነበር?"

ሄኒ የጀማነሽ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ለሥራ ከሄደች ሰባት ዓመት አልፏታል። ምንዳዬ አስታወሰች። "ናዝሬት አክስቷ ጋ ናት ብለሽኝ። እውነቱን የነገርሽኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው።"

"አንቺን ፈርቼ ነበራ። ቦሌ ብቻዬን ሸኘኋት። ከመስታወቱ ወዲያ ስትጠፋ የምደገፈው ሰው አልነበረኝም፤ አንድ የማላውቀው ጥበቃ ነው ውኃ የሰጠኝ። ስመለስ በደጅሽ ሳልፍ 'እንዴት ዋልሽ' አልሽኝ። 'ደህና' አልኩሽ።"

ምንዳዬ ያን ቀን ልታስታውሰው ሞከረች፤ አልቻለችም። ለእሷ እንደማንኛውም ቀን ያለ ነበር። ይህ ከሁሉም ይልቅ አሳፈራት። የጀማነሽን እጅ ይዛ ጭኗ ላይ አኖረችው።

በሩ የተከፈተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። አንዴ ተጠርቶ መጥቷልና ተጠባባቂው ልጅም ገብቶ ወጣ። ቻይናዎቹ የዚያኑ ዕለት ማታ ስለሚበሩ ውጤቱን ሳያሳድሩ አሳወቁ፤ ከሁለቱ ስሞች አንዱ የፍሬሰላም ነበር። ልጅቷ ወደ እናቷ ሮጣ መጣችና አቀፈቻት። "ከእንግዲህ ስልኬን አታስዘጊኝም" አለቻት በጆሮዋ።

በነሐሴ ፍሬሰላም ስትሄድ ምንዳዬ ቀኑን ከአንድ ወር በፊት ለሰፈሩ በሙሉ ተናገረች፤ በሁለት ሚኒባስ ተጭነው ቦሌ ሄዱ። ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች ከመስታወቱ ወዲያ ስትጠፋ፣ ሸኚው ሁሉ እናቲቱን ሊያጽናና ተዘጋጅቶ ነበር። ምንዳዬ ግን ጀማነሽን አቅፋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችላት ነው። የሰባት ዓመት እንባ ስለሆነ ቶሎ አላለቀም።