የያህያ ጫማ

አፍናን ታላቅ ናት፤ ጫማዋ ግን የታናሿ ነው። በሌላ ቤት ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፤ በእነ ረሻድ ቤት ግን ወደ ላይ ይወጣል። የአንድ ዓመት ተኩሉ ያህያ የጠበበውን ያወልቃል፣ የሦስት ዓመቷ አፍናን ታጠልቀዋለች። ኩላሊቷ ከተወለደች ጀምሮ ደካማ ነው። ሳይጣራ በደሟ የቀረው ቆሻሻ የምግብ ፍላጎቷን ዘግቶ፣ የጎረሰችውንም እያስመለሳት፣ አጥንቷን ባለበት አቁሞታል።

አባቷ ረሻድ ኩላሊቱን ሊሰጣት ተመርምሮ አልፏል። ሐኪሞቹ የሚጠብቁት አሥር ኪሎ እስክትሞላ ነው፤ እሷ ዘጠኝ ላይ ከቆመች መንፈቅ ሆናት። በሆዷ በኩል ቱቦ ገብቶ የተመጠነ ምግብ ይሰጣት ቢሏት፣ እናቷ ሙፈሪያት በጄ አላለችም። ወሎ ውስጥ ስንቱን የከሳ ልጅ በእጇ አጉርሳ ያቆመች እናት ያሳደገቻት ሴት፣ የገዛ ልጇን በፕላስቲክ ታብላ? ለእሷ ይህ እጅ መስጠት ነበር።

"አራስ ያነሳ አጥሚት ልጅ ማንሳት ያቅተዋል?" አሏት በሚኖሩባት የባሕር ማዶ ከተማ በሜፕልዉድ ጎረቤቷ የሆኑት እትዬ ሀይፋ።

ሙፈሪያት ለሐኪምም ለባሏም ሳትነግር ጀመረች። በወተትና በቅቤ፣ ጨው ጣል አድርጋ፣ በቀን ሦስት ጡጦ። ማንኪያ ስታይ ፊቷን የምታዞረው አፍናን አጥሚቱን ጠጣችው። በሁለተኛው ሳምንት ጉንጯ ሞላ። ረሻድ ሻኮፒ ከተማ ከሚሠራበት መጋዘን ሺፍቱን ጨርሶ ሲገባ ብድግ አደረጋትና፣ "ሙፊ፣ ከበደች እኮ" አለ። ሙፈሪያት ማሻአላህ ብላ፣ በልቧ ደግሞ ለሐኪሞቹ "ያውላችሁ" አለቻቸው።

በቀጠሮው ቀን ሚዛኑ አሥር ኪሎ ከሁለት መቶ አለ። ሙፈሪያት ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። የአዲስ አበባ ልጅ የሆነችው ነርስ ኤልሻዳይ ግን ደስ ያላት አትመስልም ነበር። ጎንበስ ብላ የአፍናንን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ተጫነችና ለቀቀች። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

"እህቴ፣ ምን እየሰጠሻት ነው?"

"አጥሚት" አለች ሙፈሪያት። ረሻድ ወደ ሚስቱ ዞረ።

ኤልሻዳይ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። "ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። ኩላሊቷ ጨዉንና ፈሳሹን ማስወጣት አልቻለም። ብለድ ፕሬሸሯም በጣም ሃይ ነው። ዛሬውኑ አድሚት ተደርጋ እዚሁ መተኛት አለባት።"

በአራተኛው ቀን ውሃው ወጥቶ አለቀ። ሚዛኑ ስምንት ኪሎ ተኩል አለ። ሆዷን አጥሚት ሞልቶት ሌላ ምግብ ስላልበላች፣ ከፊተኛውም ጎደለች። ሙፈሪያት ያ ስታመሰግንበት የከረመችው ጉንጭ የት እንደገባ ፈለገችው።

"በእጄ ልገድላት ነበር" አለች።

"ስለምትወጃት ነው ያጠጣሻት" አለ ረሻድ፤ ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ አጣ።

"ቱቦው ይግባ" አለችና ፈረመች።

የተመጠነውን ወተት መበጥበጥ፣ ቱቦውን ማጠብ፣ ሐኪሞቹ ያዘዙላትን አጥንት የሚያሳድግ መርፌ መውጋት፣ ሁሉንም ለመደችው። ምስጋና ግን አቆመች። ሚዛኑ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ፈራች እንጂ አልተደሰተችም።

በስድስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ለቀጠሮ ሲወጡ፣ አፍናን በር ላይ እግሯን ሰብስባ አለቀሰች።

"ማሚ፣ ኢት ኸርትስ። ቱ ስሞል።"

ጫማው ጠቧት እግሯን አሟታል። ሙፈሪያት፣ እንደገና አብጣ እንዳይሆን ብላ፣ ክው አለች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጫማውን አወለቀች፣ ካልሲውን ዝቅ አደረገች፣ አውራ ጣቷን የልጅቷ ቅልጥም ላይ ጫነች። እስከ አምስት ቆጥራ ለቀቀች። ጉድጓድ የለም። በሌላኛውም እግር ሞከረች። ቆዳው ወዲያው ተመልሶ ልሙጥ አለ። ጫማውን መልሳ አጠለቀችላትና አፍንጫውን ዳበሰች፤ የልጅቷ አውራ ጣት ጫፉን ነክቶ ቆሟል።

ረሻድ ሥራ ላይ ስልክ እንደማያነሳ ታውቃለች። ደውላ መልእክት ተወችለት።

"ረሻድ፣ ለአፍናን ጫማ ግዛላት" አለች። "ውሃ አይደለም፤ ተጭኜ አይቻለሁ። አዲስ ግዛላት፣ የራሷን።"